ነርስ ፈላጊው ዘመዳችን

ከጎንደር ወደ እስራኤል የወጣን ዕለት ማታ፣ አውቶብሱ ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀን፣ የልጄ የትርንጎ ልጅ የሻረግ የነጠላዬን ጫፍ ይዛ አልለቅ አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የተጠራው የእኔና የወንዱ ልጄ ስም ነው፤ የትርንጎ አልተጠራም። በባሏ በኩል ወረቀት ጎደለ ተባለ፤ የጎደለው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

«እምዬ፣ እኔስ?» አለችኝ።

«ቶሎ አስመጣሻለሁ፣ የኔ ዓለም፤ አንቺ ብቻ ተማሪ» አልኋት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ ተሳፈርሁ።

ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ሆነ። እሷ ቃሏን ጠብቃ ተማረች፣ ነርስ ሆነች። እኔ ሃይፋ ነኝ።

ሃይፋን እዚያ ላላችሁት ልንገራችሁ፤ ተራራ ላይ የተለጠፈ ከተማ ነው። ታች ባሕር፣ ላይ ደን፣ መሃሉ ሁሉ ደረጃ። የምንኖረው ኔቬ ዮሴፍ የሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ምንም አልጎደለው፣ ግን በሩ ሲዘጋ ሣጥን ውስጥ የከተቱኝ ይመስለኛል። ዝናቡ እናንተ በጋ ስትሉ ይመጣል፣ እናንተ ክረምት ስትሉ ጠብታ የለም። እርጎው ስኳር አለው። ጎረቤቱ ሻሎም ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል፤ እኛ አገር የከብቱን ደኅንነት ሳይጠይቅ ማን ያልፋል? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ። ልጄ «እናቴ፣ ዛሬ ደግሞ የት ጠፍተሽ ዋልሽ?» ይለኛል። አልጠፋሁም፣ እግሬ ነው ቤት የማይወደው።

አንዳንዴም እግሬ የእነ ትርንጎ የመምጫ ፋይል ወዳለበት ቢሮ ይወስደኛል።

«ቤሰደር ሳቭታ» ትለኛለች ጸሐፊዋ፤ እሺ አያቴ ማለቷ ነው። «ፋይሉ እየታየ ነው።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«እየታየ ነው አልሁሽ።»

«አሥራ አምስት ዓመት ካዩትማ በቃላቸው ይዘውታል።»

ሳቀች። ቁጥር ሰጥታ አሰናበተችኝ።

በቀደም ማክሰኞ የሻረግ ደወለች። ድምፅዋ ይዘላል። «እምዬ፣ ሥራ አገኘሁ! እዚያው እርስዎ ዘንድ፣ ሃይፋ!» ቴሌግራም ላይ ያየችውን ማስታወቂያ አነበበችልኝ። የአረጋውያን ማረፊያ ነርስ ይፈልጋል፤ ቋንቋ አይጠየቅም፣ ፈተና የለም፣ መኖሪያ ይሰጣል። ፓስፖርቷንና ዋናውን ዲፕሎማዋን ዓርብ ጎንደር ለሚመጣ ሰው ማስረከብ ብቻ ነው። «ሐሙስ ጤና ጣቢያውን እለቃለሁ» አለች።

እልል አልሁ። ቢሆንም እኛ ልጅ ስንድር ዘር ሳንቆጥር አንሰጥም። የማን ልጅ ነው፣ ከየት ነው ተብሎ እስከ ሰባት ቤት ይጠየቃል። ለሥራም ቢሆን ልጅ መስጠት ያው ነው ብዬ፣ ማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ደወልሁ።

«አቤት እናቴ» አለ። አማርኛው ማር ነው።

«የማን ልጅ ነህ፣ ልጄ?»

«እርስዎስ እናቴ፣ ከየት ነዎት?»

ጠየቀኝ ብዬ ቆጠርሁለት። አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን አያ እንግዳን፣ ሰባቱንም ቤት። የሻረግ የልጅ ልጄ እንደሆነችም ነገርሁት።

«አያ እንግዳ አሉኝ?» ብሎ ጮኸ። «የአባቴ አያት ወንድም እኮ ናቸው! እንግዲህ ልጅዎ ባዕድ እጅ አልገባችም።»

አለቀስሁ። መረቅሁት።

ጎረቤቴ ለተብርሃን የትግራይ ሰው ናት፤ ሆስፒታል በጽዳት ስትሠራ ዕድሜዋን ጨርሳለች። ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ አግኝቼ የምሥራች አልኋት። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች።

«ፈተና የለም? አንቺ፣ እኔን መጥረጊያ ለማስያዝ ሁለት ጊዜ ጠርተው መርምረውኛል። እዚህ አገር ነርስ ያለ ፈቃድ መርፌ አትነካም፤ ፈቃዱ ደግሞ ፈተና አለው። ቋንቋ ካላወቀች ሽማግሌው ‹ደረቴን› ቢላት ምን ትሰማለች? ዋናውን ዲፕሎማስ ለመንገደኛ ማን ይሰጣል? ግልባጭ አይበቃቸውም?»

«ዘመዳችን ነው እኮ።»

«ማን አለሽ?»

«እሱ ራሱ። አያ እንግዳን ያውቃል።»

«አያ እንግዳን ቀድሞ የጠራ ማን ነው? እሱ ነው ወይስ አንቺ?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ።

ሐሙስ ጠዋት የማስታወቂያውን አድራሻ በወረቀት ይዤ ሀዳር ወደሚባለው ሰፈር ሄድሁ። በእግሬ። ቁጥሩን አገኘሁት። በሩ ላይ ሦስት የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ተደርድረዋል፤ ውስጥ አንድ ሩሲያዊ ሽማግሌ የአራተኛውን ሆድ ከፍቶ ተንበርክኳል።

«ሽማግሌዎች የሚያርፉት እዚህ ነው?» አልሁት በተሰባበረው ዕብራይስጤ።

«ሽማግሌው እኔ ነኝ፣ ሳቭታ። አላረፍሁም።»

«ነርስ ትፈልጋለህ አሉ።»

«ወገቤን የምታሽ ከሆነ ዛሬውኑ ትጀምር።» ቀና ሲል ፊቴን አየ። ተነሥቶ ወንበር አመጣልኝ። «አንቺም እንደዚያችው ነሽ?» አለኝ። «በቀደም አንዲት ሴት ከክርያት ቢያሊክ ከተማ መጥታ ነበር። እኅቷ እዚህ ልትሠራ ተጠርታ ከአገሯ ወጣች አሉ።»

«አገኘቻት?»

«እኔ ያለኝ ማሽን ነው፣ ሳቭታ።»

እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ለዘመዳችን ደወልሁ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅህ። ዳምጠውስ በየት በኩል ይሆንሃል?»

«ጋሼ ዳምጠው! እሳቸው እኮ ናቸው ያሳደጉኝ፣ እናቴ። ነፍሳቸውን ይማር።»

ዳምጠው የአባቴ በሬ ነበር። ቀንዱ አንድ፣ ጠባዩ ክፉ።

ስልኩን ዘግቼ የሻረግን ደወልሁ። አንዴ አላነሳችም፣ ሁለቴ አላነሳችም። በሦስተኛው አነሳች። «እምዬ፣ መልቀቂያዬን ይዤ የኃላፊው በር ላይ ነኝ።»

«አትግቢ። ውሸት ነው።»

«ምን ማለትዎ ነው? ትናንት ደውሎ ሰባቱንም ቤት ቆጠረልኝ። ከእኛ ሰው በቀር ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

ሁሉንም ነገርኋት፤ ማሽኖቹን፣ የጠፋችውን እኅት፣ ዳምጠውን። በሬው ላይ ስደርስ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ወረቀት ሲቀደድ ሰማሁ።

«እሺ» አለች። «ቀደድሁት። እሱ ውሸት ነው። እውነተኛውስ የቱ ነው፣ እምዬ?»

የአድራሻውን ወረቀት አጣጠፍሁት።

«እሱ እንኳ ቀን ነበረው፣ ዓርብ ብሎኛል። እርስዎ ቶሎ ነበር ያሉኝ።»

እየታየ ነው ልላት ነበር። የጸሐፊዋን ቃል አፌ ላይ ሳገኘው ዋጥሁት። ሽማግሌው ያበጀውን ማሽን አስነሣና ባዶው ከበሮ መዞር ጀመረ።

«ምንድን ነው እሱ ድምፅ?» አለች።

«ማሽን ነው፣ የኔ ዓለም።»

«ታማሚዎች ተሰልፈዋል» አለች። «ሥራ ልግባ።»

«ግቢ» አልኋት። ጣቶቼ ግን ስልኩን አልለቅ አሉ።