ጀግና ጎንበስ ብሎ አይለቅምም

ሚዛን ከተማ ዝናብ ይዞ መብራት ሲጠፋ፣ ከጓደኞቼ ጋር በአከራዬ በረንዳ ላይ ተቀምጠን በወረቀትና በዳይስ የውጊያ ጨዋታ እንጫወታለን። እያንዳንዱ ተጫዋች በሐሳቡ አንድ ተዋጊ ይሆናል፤ ዳኛው እኔ ነኝ። ሕጉ ግልጽ ነው። ማንም ከመወርወሩ በፊት ባለ ቁጥሩን ዳይስ ይጥላል። ጦሩን የወረወረ ሰው ሄዶ እስኪያነሳው ድረስ ባዶ እጁን ነው፤ ጠላት ቀድሞ ካነሳው ደግሞ መልሶ ይወረውርበታል።

ከጎረቤት ከተማ ከአማን የሚመጣው ጓደኛዬ ግን ይህን ሕግ ተቀብሎ አያውቅም። ጦሩን ይወረውራል፤ ተራው ሲደርስ ያው ጦር ተመልሶ እጁ ላይ ነው። "ከየት መጣ?" ስለው ደረቱን ነፍቶ "ጀግና ጎንበስ ብሎ አይለቅምም" ይለኛል። እኔ ደግሞ ሕግ ሲጣስ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ። "እስቲ ነጠላ ጫማህን ወርውርና ተመልሶ እጅህ ላይ ሲገኝ አሳየኝ!" አልኩት። እልኸኛ ነውና ወረወረው። ጫማው ግቢውን አቋርጦ፣ አከራዬ ጎደሬ ልጠው የሚያጥቡበት ሳፋ ውስጥ ጧ ብሎ ገባ።

አከራዬ ጫማውን በሁለት ጣት አወጡት። ውሃው እየተንጠባጠበ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ።

"ይሄም ጨዋታችሁ ነው?"

"አዎ እማማ" አልኳቸው። "አሁን ተራው የእርስዎ ነው።"

ጓደኛዬ ብድግ አለ። "እንዴ! መጀመሪያ ዳይስ መጣል አለባቸው! ሕግ ነው!"

አልጣሉም። ጫማው ግንባሩ ላይ አርፎ ጭቃው ውስጥ ወደቀ።

ጀግናው ጎንበስ ብሎ ለቀመው።