ከሰባት ቁጥር የጀመረ ስንጥቅ

ቤት ውስጥ «ትንሿ» ይሏታል። ከሦስቱ እህትማማቾች መጨረሻ ስለተወለደች ነው እንጂ በቁመት ሁሉንም ትበልጣለች። ኮሌጅ ስትገባ ኬሚስትሪ ደረሳት፤ አልከፋትም፣ በደስታም አልዘለለችም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከዋናው ትምህርት ጎን ማይነር ምረጡ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጓደኞቿ ማኔጅመንትና ኮምፒውተር ላይ ተረባረቡ። እሷ «ማቴሪያል ሳይንስና ኢንጂነሪንግ» ብላ ሞላች።

የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ቅጹን ተቀብሎ ቀና አለ። «እህቴ፣ ይሄን የሞላሽው አራተኛዋ ነሽ። ተሳስተሽ እንዳይሆን?»

«አልተሳሳትኩም።»

«ስድስት ኮርስ ነው እኮ። ላብራቶሪው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።»

«ይሁን።»

ለምን እንደመረጠችው ለማንም አልተናገረችም። ነገሩ ከእናቷ ጋር የተያያዘ ነበር።

እናትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ሰው ሠራሽ ነው፤ በልጅነታቸው መኪና ገጭቷቸው ተቆርጧል። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ዳር ቆመው ጨርቅ ይቆርጣሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለችው የብረት ማያያዣ ሦስት ጊዜ ተሰበረችባቸው፤ አንዴ ደረጃ ላይ፣ አንዴ መንገድ ሲያቋርጡ፣ አንዴ ደግሞ የሙሽራ ቀሚስ ሲለኩ። የመጨረሻው ጊዜ የወደቁት ሙሽራዋ ላይ ነው።

ማያያዣዋን የሚሠራው የሰው ሠራሽ እግር ወርክሾፕ ቴክኒሻን ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራ፣ እጁ የተመሰገነ ሰው። ሦስተኛዋን ሲቀይርላቸው ሳቅ ብሎ፣ «እትዬ፣ አይቆጡኝና ትንሽ ወፈር ብለዋል መሰለኝ። ብረቱም እኮ ነፍስ አለው» አላቸው።

እናትየው አብረውት ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እራት ተዉ። «ቅድም ቀምሻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» እያሉ ሳህናቸውን ወደ ልጆቹ ይገፋሉ። ትንሿ ታያለች። ምን ማለት እንዳለባት ግን አታውቅም። ማይነሩን የሞላችው ይህ በሆነ በሁለተኛው ወር ነው።

ዕቃ ለምን እንደሚሰበር የሚያስተምሩት መምህር በዕድሜ የገፉ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን «ብረት ይደክማል» ብለው ጀመሩ።

«ዕረፍት ይሰጠዋ!» አለ ከአራቱ ተማሪዎች አንዱ።

«ዕረፍት ቢሰጠውም አያገግምም» አሉና ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

ለፕሮጀክት የተሰበረ ነገር ከቤታችሁ አምጡ ተባሉ። አንዱ የብስክሌት ሰንሰለት፣ አንዷ ማንኪያ፣ ሌላው ቁልፍ አመጣ። ትንሿ የእናቷን የልብስ ቁልፎች ቆርቆሮ ከፈተች። እናትየው ምንም ነገር አይጥሉምና ሦስቱም የማያያዣ ስባሪዎች ከሸሚዝ ቁልፎች ጋር ተቀላቅለው ተቀምጠዋል።

ሪፖርቷን በሁለት ቀን ጨረሰች፤ ብረቱ ርካሽ ስለሆነ ተሰበረ የሚል ነው። መምህሩ አንብበው መለሱላት።

«የተሰበረበትን ገጽ አይተሽዋል ወይስ ገምተሽ ነው የጻፍሽው?»

«ገምቼ ነው።»

«እንግዲያው ሂጂና እዪው።»

ቅዳሜ ጠዋት የላቡ ኃላፊ ስባሪዎቹን በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ እንዴት እንደምታጸዳ አሳየቻት። መጀመሪያ ጥንካሬውን ለኩ፤ ብረቱ ደህና ነው። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገቡት። ገጹ ላይ ቀጫጭን ቅስት መስመሮች ተደርድረዋል፤ ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ሲወረወር ውሃው ላይ እንደሚሰፋው ዓይነት። ትንሿ መስመሮቹን ወደ ኋላ እየተከተለች ድንጋዩ ወደወደቀበት ቦታ ደረሰች። ቦታው ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር የታችኛው ጫፍ ነው።

ቴክኒሻኑ እያንዳንዷን ማያያዣ ቀጭኑ አንገቷ ላይ በመዶሻ ቁጥር ይመታባታል። የወርክሾፑ መለያ ሰባት ስለሆነ ሁሉም በሰባት ይጀምራል። በሦስቱም ላይ ስንጥቁ የተነሳው ከሰባቷ ሹል ጫፍ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ አንገቷ በመጠኑ ትታጠፋለች፤ ሹሉ ጭረት ደግሞ በየጊዜው የጸጉር ያህል ይከፈታል። ባለቤቷ ቀጭን ሴት ብትሆን ኖሮ ጥቂት ይዘገይ ነበር እንጂ መሰበሩ አይቀርም።

ከላቡ ወጥታ ደወለች። «እማ፣ እግርሽ ላይ ያለችው ማያያዣ ቁጥሯ የት ነው የተመታው?»

«እኔ ምን አውቄ! አንገቷ ላይ መሰለኝ። ምነው?»

«ዛሬ ቁጭ ብለሽ ሥሪ፣ እሺ? ደረጃም አትውጪ።»

ከሰዓት ወርክሾፑ ሄደች። ቴክኒሻኑ እጁን እየጠራረገ አዳመጣት።

«ሃያ ዓመት ስመታው የኖርኩት ቁጥር ነው እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ራስዎ ይዩት።»

ማጉያ መነጽሩንና ስባሪውን ተቀብሎ አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመሥሪያው ጠረጴዛ ሥር አንድ ካርቶን ጎተተ፤ ሰዎች የመለሷቸው አሥራ አራት ስባሪዎች አሉበት። አንድ በአንድ እያነሳ መነጽሩ ሥር አደረጋቸው። አሥራ አንዱ የተሰበሩት ቁጥሩ ላይ ነው።

«ሰውን ሁሉ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ ስል ነው የኖርኩት» አለ።

በማግስቱ ቁጥሩን መታጠፍ ወደማያገኘው የማያያዣዋ ሰፊ የታችኛው ክፍል አዛወረው። የእናትየውን አዲስ ማያያዣ በኪሱ ይዞ ራሱ ልብስ ስፌት ቤቱ ድረስ መጣና ተንበርክኮ ገጠመላቸው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእርስዎ ውፍረት አይደለም፣ የእኔ እጅ ነው።»

እናትየው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። «ዓመት ሙሉ እራቴን የበላኸው አንተ ነህ በለኛ!»

እናትየው ሳቃቸው አልቆም ብሎ ዓይናቸውን በጨርቅ ቁራጭ ጠረጉ። ትንሿ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አልሳቀችም። በዚያ ምሽት እናቷ ሳህናቸውን እስኪጨርሱ ከገበታው አልተነሳችም።

ኮሌጁን ስትጨርስ ቀለም ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ተቀጠረች። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ማይነሩ የጠየቃት የለም፤ ትራንስክሪፕቷ ግርጌ ላይ በአንድ መስመር ተጽፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ ማይነሩ ራሱ ተማሪ ጠፍቶ ተዘጋ። የእናትየው ማያያዣ አምስት ዓመት አልፏታል።

በወር አንዴ ወርክሾፑ ትሄዳለች። ቴክኒሻኑ የተሰበረ ነገር ሲመጣለት አይጥልም፣ ያስቀምጥላታል። በቅርቡ የዊልቸር ጎማ የሚዞርበትን ዘንግ ሰጣት። ገጹ ላይ አንድም ቅስት መስመር የለም፤ እንደ ተቀደደ ካርቶን ሸካራ ነው። ለላቡ ኃላፊ አሳየቻት፤ ጡረታ ለወጡት መምህሯም ወስዳ አሳየች። ምክንያቱ ገና አልተገኘም።