እናቴ ጭቃ ሹም የሆነችበት ዓመት

የተወለድኩበትን አጥቢያ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የለም። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ካለችው ከይጁቤ ወደ ቆላው ሲወርዱ ያለ አገር ነው፤ ኋላ ከጎረቤቱ አጥቢያ ጋር ቀላቀሉትና ሹሙም አንድ ሆነ። ዱሮ ግን ጭቃ ሹማችንን የምናወጣ እኛው ነበርን። ጭቃ ሹም ማለት ግብር የሚሰበስብ፣ አዋጅ የሚያሰማ፣ የድንበር ጠብ የሚዳኝ፣ ከበላይ ቁጣ ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ የሚሰደብ ሰው ነው።

አገሩን ያቀኑት አራት ወንድማማቾች ናቸው ይባላል። ስለዚህ ርስቱ በአራት ቤት ይቆጠራል፣ ሹመቱም በየዓመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። አንድ ዓመት ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ተሾመ፤ ማንም ሊከስ ስላልቻለ አገሩ ሰላም ሆኖ ከረመ እየተባለ ሲወራ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ሌላ ዓመት ደግሞ ሹሙ ሚስት ሊያመጣ ሄዶ እዚያው ቀረ። ደግም ይውጣ ክፉ፣ ተራ ግን አይዘለልም። ተራውን ያልተሸከመ ቤት ነገ ርስቴ ብሎ ቢከራከር፣ «የታለ የተሸከማችሁት?» ይሉታል።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ ተራው የእናቴ ቤት ሆነ። ርስቱ የእናቴ ነው፤ አባቴ ከሌላ አገር መጥቶ ያገባት ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ አባቴም የእናቴ ወንድሞችም ጫካ ገብተዋል። ከቤቱ የቀረ ወንድ ቢኖር ዓይኑ የጠፋ አጎቷ ብቻ ነው። ይኼን ያየ አንድ ባለ ብዙ በሬ ሰውዬ፣ ከሁለተኛው ቤት የሆነ፣ «ያ ቤት ወንድ የለውም፤ ተራው ወደ እኛ ይለፍ» እያለ በየአውድማው ማስወራት ጀመረ። እናቴ ሰማች። ነጠላዋን አጠበች።

ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ የነቢያት ጾም ነው። ከጣልያን የተላከ አስተርጓሚ በበቅሎ መጣና ሰዉን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰበሰበ። ካኪ ለባሽ፣ አጠር ያለ፣ ጫማው የጠበበው ሰው ነበር፤ አሁንም አሁንም ተረከዙን ያወጣል። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ በካቡ ጥግ ተቀመጡ። እኔ በእናቴ ጉልበት ሥር ነኝ። አስተርጓሚው ተራ የሚባል ነገር አላውቅም፣ ሕዝቡ የወደደውን እጽፋለሁ አለና ጀርባውን ለቤተ ክርስቲያኑ በር ሰጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ልሾም ያለውን ባለ በሬ ሰውዬ አስቆመውና፣ «ይህን ሰው የሚፈልግ ይነሣ» አለ።

የጾም ቅዳሴ እንደምታውቁት የሚያልቀው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ይኼው ቃል ከአፉ ሲወጣ ቅዳሴው አልቆ፣ ሽማግሌው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው በአስተርጓሚው ጀርባ ብቅ አሉ። አገሩ እንዳለ ተነሣ። እኛም ተነሣን። ዓይነ ስውሩ አጎቷ እንኳ ኮቴያቸውን ሰምቶ ተነሣ። አስተርጓሚው በጣም ደስ አለውና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ባለ በሬው ጋቢውን አስተካከለ።

እናቴ ከካቡ ጥግ ወጥታ መሀል ቆመች።

«ጌታዬ፣ እኛ የተነሣነው ለመስቀል ነው። ዞር ብለው ይዩ።»

አስተርጓሚው ዞረ። ቄሱን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ብድግ አለና መስቀል ተሳለመ።

«እርስዎም ተነሥተዋል» አለችው። «እርስዎም መረጡት ማለት ነው?»

ሰዉ በጋቢው አፉን ሸፈነ። አስተርጓሚው የጻፈውን ሰረዘ። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ እንደገና ሲጠይቅ ለባለ በሬው የተነሡት ወንድሞቹና አማቾቹ ብቻ ናቸው። ተራው የእኔ ቤት ነው አለች እናቴ፤ አሁን ስለ እኔ ይጠይቁ። ሴት አይጻፍም አላት። ባለ በሬውም አገኘሁ ብሎ፣ ሴት ናት ወጥታ አዋጅ የምታሰማ፣ ድምፅዋ ማን ጋ ይደርሳል አለ።

«ኧረ አያ፣ ድምፄንስ ያውቁታል» አለችው። «በሬዎችዎ ከእርሻዬ በገቡ ቁጥር ከዚያ ማዶ ስጠራዎት ኖሬ የለም?»

አስተርጓሚው ባልሽ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ለንግድ ወርዷል አለች። ባለ በሬው አባቴ የት እንዳለ ጠንቅቆ ያውቃል፤ አንዲት ቃል ቢጥል ቤታችን ይቃጠል ነበር። መሬት መሬቱን አየ እንጂ አልተናገረም። ይህን ሳልጽፍለት ባልፍ ነውር ነው።

«ግብር ስናስገባ ሴት ናችሁ ብሎ የመለሰን የለም» አለች እናቴ። «ለወረቀቱ ወንድ ካስፈለገ የአጎቴ ስም ይግባ፤ ሥራውን እኔ እሠራለሁ።»

አጎቷ ከተቀመጠበት ሳይንቀሳቀስ፣ «ስሜን ውሰዱት፤ እኔማ ከእንግዲህ ምን ልሠራበት» አለ።

እሷን የሚፈልግ ይነሣ ተባለ። መጀመሪያ የተነሡት ከካቡ ጥግ የነበሩት ባለ ርስት ሴቶች ናቸው፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ ከዚያ ደግሞ ከባለ በሬው አማቾች አንዱ። አስተርጓሚው ከመጻፉ በፊት ወደ በሩ ዞሮ አየ። ከበሩ የሚወጣ ማንም አልነበረም። ጻፈ።

እንዲህም ሆኖ እናቴ ልቧ አላረፈም ነበር። ወረቀቱ የጣልያን ነው፤ ነገ ጣልያን ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ተራው የሚቆጠረው አገሬው እንደ ሹም ሲያያት ነው። ሳምንት ሳይሞላ፣ ምርት እያነፈሰች ሳለ ባለ በሬው ከግቢያችን መጣ። ጎረቤቱ ድንበሩን አልፎ አርሶበታል። እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠች፣ እጅዋን ታጠበች፣ አጎቷን በቀኟ አስቀመጠችና፣ «ይናገሩ አያ» አለችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። ምስክርዎን ይዘው ቅዳሜ ይምጡ ብላ ቀጠረችው፤ እጅ ነሥቶ ሄደ።

ኮቴው ሲርቅ አጎቷ ጠየቀ፣ «ተቀምጦ ነው የተናገረ ቆሞ?»

«ቆሞ» አለች እናቴ።

«ነጠላውንስ?»

«አደግድጎ።»

«እንግዲያ ተራችን ተቆጠረ» አለ፤ እሷም ወደ ምርቷ ተመለሰች።