ያልተቆረጠው የአመድ መስመር

ከሰበታ በላይ ካሉት ኮረብታዎች የአንዱን አናት አሮጌ የድንጋይ ካብ ይዞረዋል። መግቢያ በሩ አንድ ብቻ ነው፤ ከካቡ ውጭ ደግሞ በጥንት ጊዜ የተቆፈረ ጉድባ አለ። የጥንት ሰዎች ከጠላት የሚከላከሉበት ምሽግ እንደ ነበር ልጅ ሳለሁ እሰማ ነበር። እኔ ግን ቦታውን ያወቅሁት በአክስቴ ባል ምክንያት ነው። በጣልያን ጊዜ አርበኞች እዚያው ምሽግ ውስጥ ሲዋጉ እሱ ወደቀ። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ሬሳውን አላየችም።

ሞቱን የነገራት አብሮት የተዋጋ ጓደኛው ነው። ዛሬ ሸምግሎ ዓለም ገና ከተማ ላይ እህል ይነግዳል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ለተዝካሩ ይመጣና ያንኑ ይናገራል፦ «በሩ ፊት፣ ጉድባው ውስጥ፣ እስከ ወገባችን ቆፍረን ቀበርነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አደረግን። ድንጋይ ጫንንበት።» አክስቴ አፅሙን ወደ ቤተ ክርስቲያን ላስፈልስ ባለች ቁጥር «ካረፈበት አትቀስቅሺው» ይላታል።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የታሪክ መምህራችን በየአገራችን ያለውን የጥንት ቦታ እንድንነግረው ሲጠይቀን እጄን ቀድሜ አወጣሁ። መጥቶ አየና በጣም ወደደው። የጥንት ምሽግ ብዙ ነገር የሚገኘው በሩ ላይ ነው ብሎ፣ በየካቲት ዕረፍታችን በሩ ፊት ያለውን ጉድባ እንድንቆፍር ወሰነ።

ለአክስቴ ስነግራት ሳቀች። «አንቺ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሽው አፈር ልትዝቂ ነው?» ከዚያ ሳቋን አቆመች። «የት ጋ ነው የምትቆፍሩት?»

«በሩ ፊት።»

በማግስቱ ከገበያ ነጭ አቡጀዲ ገዝታ መጣች። አፅሙ የሚጠቀለልበት ነው።

ቁፋሮው ሲጀመር በየቀኑ አቡጀዲውን በቅርጫት ይዛ ትመጣና ካቡ ላይ ትቀመጣለች። ጓደኞቼ ይቀልዱባት ነበር። «እማማ፣ ወርቅ ካገኘን እናካፍልዎታለን።»

«ወርቁን ውሰዱት» ትላለች፤ «የኔን ብቻ ስጡኝ።»

መምህራችን ያስተማረንን ሁሉ ማታ ማታ አስረዳታለሁ። «እትዬ፣ አንዴ የተቆፈረ አፈር መልሰው ቢሞሉትም እንደ ነበረ አይሆንም። ቀዩና ጥቁሩ ይደባለቃል፤ የተቆረጠበት ይታያል። የፈለገውን ያህል ዘመን ቢያልፍ ይታወቃል።»

«የሱም ይታወቃል?»

«የሱማ የትናንት ነው።»

እስከ ጉልበታችን እንደ ቆፈርን አመድ አገኘን። መምህራችን በሩ የእንጨት እንደ ነበረና ጽሕፈት ባልነበረበት ዘመን ተቃጥሎ ጉድባው ውስጥ እንደ ወደቀ ነገረን። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ያወረደው አፈር አለበሰው። በሩ ፊት ያለው ጉድባ በሁለት አለቶች መካከል የታጠረ ጠባብ ቦታ ስለሆነ፣ ለአክስቴም ስንል፣ ሙሉውን ከፈትነው። አመዱ ከአለት እስከ አለት እንደ ተነጠፈ ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር። አንድም ቦታ አልተቀደደም።

አክስቴ ውረጂ ሳትባል ወረደች። መምህራችን እጇን ይዞ ደገፋት። ጣቷን አመዱ ላይ አድርጋ የጉድጓዱን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትላ ሄደች።

«ይህ ከሱ ሞት በፊት የነበረ ነው?»

«በጣም በፊት፣ እማማ» አለ መምህራችን።

ወደኔ ዞረች። «እስከ ወገቡ የቆፈረ ሰው ይቆርጠው ነበር?»

«ይቆርጠው ነበር፣ እትዬ። ግን ምናልባት ሌላ ቦታ ይሆናል።»

«በሩ አንድ ነው» አለች።

ወደ ቤት ስንወርድ ቅርጫቱን ልያዝልሽ ብላት እንቢ አለችኝ። ብዙ ከሄድን በኋላ «ጥለውት ነው የሸሹት» አለች። ትንሽ ቆይታም «ያን ጊዜ ጅቡ ብዙ ነበር» አለች። እቤት ስንደርስ አቡጀዲውን ሳጥኗ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችው። ያን ሌሊት ስታለቅስ ሰማኋት፤ ለባሏ ሞት ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

ግንቦት ሲመጣ ሽማግሌው ለተዝካሩ መጣ። ቁፋሮውን ሰምቷል፤ ከሰላምታው ያስታውቃል። በኦሮምኛ «አካም» ብሎ ብቻ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ቀሳውስቱ ጸልየው ከሄዱ በኋላ ጎረቤቶች እንደ ወትሮው ታሪኩን ጠበቁ። እሱ አቀርቅሮ ከፊቱ የቀረበውን እንጀራ ያያል።

«ኦቦ፣ ዘንድሮ አይነግሩንም እንዴ?» አለችው አክስቴ።

«አንቺ ሁሉንም አውቀሽው የለ» አለ።

እኔ እንድትጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ እንዳትጠይቀውም ፈልጌ ነበር። አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንግዲያው እኔ ልናገረው» ብላ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረች። «በሩ ፊት፣ ጉድባው ውስጥ፣ እስከ ወገባቸው ቆፍረው ቀበሩት። ጥይት እየዘነበባቸው። እኚህም ልጅ ነበሩ ያን ጊዜ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አደረጉት። ድንጋይ ጫኑበት።»

ጎረቤቶች «ነፍስ ይማር» አሉ። ሽማግሌው ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበው። አክስቴ ወጡን ወደሱ ጠጋ አደረገችለት።

«ይብሉ እንጂ፣ ኦቦ» አለችው፤ «ይቀዘቅዛል።»