ቁጠባ የማያውቁት አገሮች

ዛሬ ፈተና ሳርም ክፍሉ በሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ተሳስቶ አገኘሁት። ኩረጃ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

እዚሁ ሶዶ ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ነው የማስተምረው። ጥያቄው "በታዳጊ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች የቁጠባ ባህል የላቸውም" ይላል። መልሱ በመጽሐፉ መሠረት "እውነት" ነው። ሁሉም "ሐሰት" ብለዋል።

"ማን ነው ያስኮረጃችሁ?" ብዬ ክፍል እንደገባሁ ጮህኩባቸው።

የጎረቤቴ ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እናቴ ለጊፋታ በዓል ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ታጠራቅማለች። አባቴም ከሰፈር ሰው ጋር በበዓሉ ለሚታረደው በሬ በየወሩ ብር ያስቀምጣል። ይሄ ቁጠባ አይደለም እንዴ?"

"መጽሐፉ የሚለው የባንኩን ነው" አልኳት። (ዲግሪ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።)

"እሺ ቲቸር" ብላ ልትቀመጥ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። "ግን ባለፈው ጊፋታ ቅቤ የለንም ብለው፣ ሳህን ይዘው እኛ ቤት የመጡት እርስዎ አይደሉም?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ማርኩን ለሁሉም ሰጠሁ። ምን ላድርግ?

እናንተንስ ተማሪያችሁ እንዲህ አስተምሯችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልዋረድ። ለካ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለሁት ታዳጊ አገር እኔ ብቻ ነኝ፤ እርዳታውንም በሳህን ተቀብያለሁ።