ለእህቴ የወሰድኩት እርጥብ ሣር

ታላቅ እህቴ ከገረሴ በላይ ካለው መንደሯ ደውላ፣ «ስትመጪ እርጥብ ሣር ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ። ከአርባ ምንጭ ወደ ደጋ ሙዝና ማንጎ ሲወጣ አውቃለሁ። ሣር ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም።

«ለላሟ ነው?»

«ለእርቅ ነው» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ ለምለም የሚባል ነገር የለም።»

በእኛ አገር ታላቅ ዘር ሳይበትን ታናሽ አይዘራም። ዘንድሮ በልግ የመጀመሪያው ካፊያ ሲጥል የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ታሞ ተኝቶ ነበር። እህቴ እርጥበቱ እንዳያመልጣት ብላ ገብሷን ቀድማ ዘራች። ገብሱ በቀለ፤ ዝናቡም በዚያው ቀረ። የሷም የጎረቤቱም ማሳ ቢጫ ሲሆን «ጎሜ» የሚለው ቃል ይሰማ ጀመር። ሥርዓት ሲጣስ የሚከተል መዓት ማለት ነው። ስሟን የጠራ የለም። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ግን ወሬው ይቆማል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያነበበውን በዋዛ አይለቅም። የበልጋችንን እርጥበት አብዛኛውን ነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስ ተሸክሞ እንደሚያመጣው አንብቤያለሁ። ከዚያም ማዶ፣ በሩቅ ምሥራቅ ያለው ባሕር ከወትሮው ሲሞቅ አየሩ እዚያ እየወጣ ዝናቡን እዚያው ያራግፋል፤ በእኛ ላይ ሲወርድ ደረቅ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልልም። የዘንድሮው ትንበያ ግን ይህንኑ ብሎ ነበር።

ሣሩን ከከተማችን ምንጮች ግርጌ አጭጄ በእርጥብ ፎጣ ጠቀለልኩት። የሚኒባሱ ረዳት አየና፣ «እማማ፣ በጉ የታል? ለብቻው ይከፍላል» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ግን ሣሩን ነካ አድርጋ «እርቁን ይቀበላችሁ» አለችኝ። ዳገቱን ስንወጣ ነፋሱ በመስኮት እየገባ ጫፍ ጫፉን አጠወለገው።

እህቴ ቤት እንደደረስኩ ጀመርኩ።

«ስሚኝ፣ ዝናቡን ያስቀረሽው አንቺ አይደለሽም። ባሕሩ ነው።»

«የቱ? አባያ?»

«አባያማ ሐይቅ ነው። ይሄ በጣም ሩቅ ነው፤ እኔም አላየሁት።»

«ያላየሽውን ነው የምትከሺው?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «እሺ፣ ባሕሩ ነው እንበል። ከሱ ጋ ማን ያስታርቀናል?»

ፎጣውን ፈትቼ የጠወለገውን ከለምለሙ መለየት ያዝኩ፤ የማውቀው ሁሉ ለዚያ ብቻ የበቃ ይመስል።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። እህቴ ሣሩን በሁለት እጇ ይዛ ተንበረከከች። የባሏ ወንድም በከዘራው ተደግፎ፣ ገና እየሳለ፣ ሣሩን ተቀበላት።

«እኔ ነኝ እንጂ የተኛሁት፣ አንቺ ምን ታደርጊ? ተነሺ፣ ልጄ።»

ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ምድር ትርጠብ፣ ዘር ይያዝ አሉ። ሁላችንም «ይሁን» አልን። ከዚያ ማንም ሳያዘን ቀና ብለን ወደ ምሥራቅ አየን። ደመናው መጣ። ከላያችን ላይ ሳይወርድ እየተበታተነ አለፈ። እኔም፣ ያን ሁሉ ያነበብኩት፣ አንገቴን አቅንቼ ከነሱ ጋር እጠብቅ ነበር።

ወደ ከተማ ከተመለስኩ ከቀናት በኋላ ደወለች። ጎረቤቶቿ ሰላም ይሏታል፤ የባሏ ወንድም ድንች ልኮላታል። ገብሱ ግን ደርቋል፤ ነቅላ ለላሟ ሰጥታዋለች።

«ይቅር ብሎኛል» አለች። «ከልቡ ነው፣ አይቼዋለሁ። እንግዲያ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።»

«ምን ሌላ?»

«አንቺ የምታነቢው፣ ነገር አትረሺም። እስቲ አስታውሽኝ፤ በልጅነታችን ያጠፋሁት ነገር ነበር?»

«ምንም የለም፣ እህቴ። ምንም።»

«ቶሎ አትበይ» አለችኝ። «ደህና አድርገሽ አስቢ።»