ባሌና የማይደገመው ቅኔ

ባሌ ቃለ አብ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ሰነፍ ሰው ይገፋል፣ ይሰደባል፣ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ተስፋ ይቆረጥበታል። እሱ ግን ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ላፕቶፑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ አንዲት ገጽ ሳይጽፍ ደክሞት የሚነሣ ሰው ነው። ስሜ ትሕትና ይባላል። እናቴ ስታወጣልኝ ምን አስባ እንደነበር አላውቅም፤ በእነዚያ ስምንት ወራት ግን እኔና ስሜ ብዙም አልተገናኘንም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሰውየው ልጀምር። ቃለ አብ የደረስጌ ልጅ ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ ልጃቸው ክህነቱን እንዲወርስ ብለው በሰባት ዓመቱ ለየኔታ ሰጡት። ንባቡንና ዳዊቱን ጨርሶ ቅኔ ቤት ገባ፣ እዚያም አምስት ዓመት ቆየ። ቅኔ ቤት ማለት ጧት ጫካ ገብተህ ቅኔህን ብቻህን በልብህ እየገጠምክ የምትቆጥርበት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መምህሩ ፊት ቀርበህ የቆጠርከውን በቃልህ የምትነግርበት ቤት ነው። ወረቀት የለም፣ እርሳስ የለም። አባቱ ሲሞቱ ዳባት ወደሚኖረው አጎቱ መጥቶ በዐሥራ አምስት ዓመቱ አስኳላ ገባ። ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ከዴስኩ በላይ እየወጣበት፣ ክፍል እየዘለለ ዐሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። ዛሬ ደባርቅ ውስጥ ሁለታችንም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ እሱ አማርኛ፣ እኔ ሒሳብ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሁለታችንም የማስተርስ መግቢያ ፈተና አለፍን። ደመወዝ እየተከፈለ የመማር ዕድል ግን ከአንድ ትምህርት ቤት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለትምህርት የወጣው ጨርሶ ማስረጃውን ካላመጣ ሌላው አይወጣም። የእኔ ውጤት ይበልጥ ስለነበር ተራው የእኔ ነበር። እኔ ሞኟ "እሱ ይቅደም፣ እኔ ቀጥዬ እሄዳለሁ" ብዬ ፈረምኩለት። ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ሁለት ክረምት ናት አልኩ። ቀጣይ ተብሎ ስሜ የተመዘገበበት ዝርዝር የሚያገለግለው እስከ ባለፈው ሰኔ ሠላሳ ነበር። እስከዚያ ቃለ አብ ካልጨረሰ ስሜ ይሰረዛል፤ እንደ ማንም አዲስ አመልካች ከሥር እጀምራለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው።

ትምህርቱንማ ጨረሰ፣ ያውም በማዕረግ። የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። ለዚያም ቢሆን አምባራስ ድረስ በእግሩ ወጥቶ፣ ሽማግሌዎች የተጣላ ሰው ሲያስታርቁ ምን ብለው እንደሚናገሩ ዐሥራ አራት እርቅ በስልኩ ቀድቶ መጥቷል። ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ ዐይኖቹ እያበሩ ነበር የተመለሰው። ያንን ማዳመጥና መጻፍ ብቻ ነው የቀረው ብዬ መስከረም ላይ ጠረጴዛውን ለቀቅኩለት። የመቶ ሃያ ተማሪ ደብተር አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ማረም ጀመርኩ።

ጥቅምት አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ዐቢይ ጾም ገባ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አዞረው፤ ብርዱ ሲብስበት ወደ ግድግዳው መለሰው። አንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ያየዋል፣ ያጠፋዋል። አማካሪው ዶክተር በስልክ "ዝም ብለህ ጻፍ" ይሉታል። ዝም ብለህ ጻፍ። የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ "ዝም ብለህ ዳን" ተብሎ ሲመለስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎረቤቱ ደግሞ እኔን ይዞ "ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው" ይለኛል። መራራውን የምጠጣው እኔ ስሆን ፍሬው የማን እንደሆነ የሚነግረኝ ግን አልነበረም።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ እሑድ ጎረቤታችን ጋሽ ዋሴ ምሳ ሊበሉ መጡ። ቃለ አብ ጠላ ቀመስ ሲያደርግ አንዱን እርቅ አነሣና ይነግራቸው ጀመር። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ዐሥር ዓመት ሳይነጋገሩ ኖረዋል። ሽማግሌው ይመጡና ድንበሩ ላይ ቁጭ ይላሉ። ሲነጋገሩ ውለው በመጨረሻ "እኔ አርጅቻለሁ፣ ተነሡ ብትሉኝ አልነሣም፤ አንተ ግራዬን ያዝ፣ አንተም ቀኜን" ይላሉ። ወንድማማቾቹ ግራና ቀኝ ይዘው ሲያነሧቸው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሽማግሌውም "ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አብራችሁ አላነሣችሁም ነበር" ይሏቸዋል። ቃለ አብ ይህን ሲናገር አነጋገሩ ራሱ የሽማግሌው ሆነ። ጋሽ ዋሴ በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ።

እንግዳው ሲወጡ ላፕቶፑን ገፋሁለት። "አሁን የተናገርከውን እንዳለ ጻፈው" አልኩት።

"እሱንማ ነገርኳቸው እኮ።"

"ታዲያስ?"

"የተነገረ ነዋ፣ ትሕትና።"

አልገባኝም። እንዲያስረዳኝ አጥብቄ ያዝኩት። እየተሽኮረመመ አወጣው። በቅኔ ቤት አንዴ የተነገረ ቅኔ አይደገምም። ትናንት የነገረውን ዛሬ ይዞ የመጣውን ተማሪ የኔታ "ትፋትህን ልታበላኝ ነው?" ብለው ከፊታቸው ያስነሡት ነበር። እሱ አንድ ነገር አስቦ፣ አምሮለት፣ ለሰው ከተናገረው በኋላ ሊጽፈው ሲቀመጥ እጁ አይታዘዘውም። ነገሩ ያለቀ፣ የተበላ ይመስለዋል።

"እሺ፣ የሌሎች ሰዎች ጥናት የሚቃኝበት ምዕራፍስ? እሱን ለማንም አልተናገርከው።"

"እገሌ እንዲህ ብሏል፣ እገሊት እንዲህ ብላለች እያልኩ? የሰው ቅኔ ይዞ የቆመ በእኛ ቤት ሌባ ነው።"

"ማጠቃለያውስ?"

"መጀመሪያ ገጽ ላይ አጠቃሎ ብዬ ጨምቄ ልንገራቸው፣ መሐል ላይ ልንገራቸው፣ መጨረሻ ደግሞ ማጠቃለያ ብዬ ያንኑ ልንገራቸው? ሦስት ጊዜ? ምነው፣ ጆሮ የላቸውም?"

እጄ ላይ የነበረውን ሳህን ሳልወረውር ማስቀመጤ ይገርመኛል። ስምንት ወር ሙሉ ሰውየው የደረቀበት መስሎኝ ሳዝንለት ነበር የኖርኩት። አልደረቀበትም። እየቀዳ እየደፋ ነበር። ጽሑፉን ለመምህራን በሻይ ሰዓት፣ ለተሳፋሪ በጎንደር መንገድ፣ ለጋሽ ዋሴ በምሳ ሰዓት በትኖ ጨርሶታል፤ በተናገረው ቁጥር ከወረቀቱ ላይ እየሰረዘው። ያ ሁሉ ሰው የእኔን ተራ ሰምቶ ሄዷል ማለት ነው።

"አንተ አስተማሪ አይደለህም እንዴ? በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል ያንኑ ሰዋስው አይደል የምታስተምረው?"

"እሱ ሥራ ነው።"

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"ይሄ ስሜ የሚጻፍበት ነው።"

የእኔ ስም የሚሰረዝበትስ አልኩት። ላፕቶፑን ዘግቶ ተነሣ። በዚያው ተኳርፈን አደርን።

በማግስቱ ማለዳ እንደገና ያዝኩት። ንዴት ሲያድር ይለዝባል የሚሉት ውሸት ነው፤ የእኔ አድሮ ጠነከረ። ስንጨቃጨቅ ከጓዳ የአማቴ ድምፅ ተሰማኝ። እምዬ ወለተ ጊዮርጊስ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የደፉ መነኩሴ ናቸው፤ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት።

"እናትህ ምን እያደረጉ ነው?" አልኩት።

"ዳዊት እየደገመች ነዋ።"

"ምን እያደረጉ?"

"እየደገመች" አለ፤ ከዚያ ቃሉ አፉ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

"እምዬ፣" ብዬ ተጣራሁ፣ "ልጅዎ የደገመ ሰው ሌባ ነው ይላል።"

አማቴ የጀመሩትን መዝሙር እስከ መጨረሻው ደግመው፣ መጽሐፋቸውን በማኅደሩ ከተው፣ ቀስ ብለው ወጡ። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል።

"ማንን ነው ሌባ ያልኸው?"

"አንቺን አይደለም፣ እምዬ። ስለ ቅኔ ነው የተናገርሁት።"

"እኔ አንተን ሳልወልድህ ጀምሬ ይችን ዳዊት ስደግም ኖርሁ። የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። እግዜር አንድ ቀን 'ወለተ ጊዮርጊስ፣ ይሄንን ሰምቸዋለሁ' ብሎኝ አያውቅም። የአንተ መምህር ከእግዜር በለጡ?"

"ቅኔና ዳዊት እኮ..."

"ቆየኝ፣ አልጨረስሁም። ቃሉስ የማን ነው? የእኔ ነው? የዳዊት ነው። ስጀምር 'መዝሙር ዘዳዊት' ብየ ስሙን አስቀድሜ ነው የምጀምር። ስሙን ከጠራሁለት ምኑን ሰረቅሁት? ስሙን የደበቀ ነው ሌባ።" ወደ እኔ ሳያዩ በእጃቸው ጠቆሙኝ። "ይች ልጅ ተራዋን ሰጥታህ ቆማለች። ቅኔህን ለቤተ ክርስቲያን አድርገው። የሰው ተራ ይዘህ አትራቀቅባት።"

ይህን ብለው ወደ መዝሙራቸው ተመለሱ። ቃለ አብ ጫማውን አሥሮ ወጣ። በቡይት ራስ መንገድ ሽቅብ ሲሄድ ያየው ሰው ነበር። እኔ ክፍል ገብቼ ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ ግን አላስታውስም። ከሰዓት ስመለስ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። ሁለተኛውን ምዕራፍ ጀምሯል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሚጀምረው በሰው ስም ነበር። ከሥሩም ሌላ ስም፣ ከዚያም ሌላ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አማረ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ሁልጊዜ ዐሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። በቅኔ ቤት መምህሩ ዘንድ ከመቅረብ በፊት የተማሪውን ቅኔ የሚሰማ የበሰለ ተማሪ አለ፤ አስነጋሪ ይሉታል። እኔ ቅኔ አላውቅም፣ ግን አስነጋሪው ሆንኩ። የቀኑን ሐሳብ በቃሉ ይነግረኛል፤ ልክ ሲጨርስ "ድገም" እለዋለሁ። እየደገመ ይጽፋል። "ይሄን ገጽ ዐሥራ ሁለት ላይ ብየዋለሁ እኮ" ይላል። "ድገም።" "አንባቢውን መናቅ ነው።" "ድገም።" አንዳንድ ቀን ፊቱ ይቀላ ነበር። አንድ ቀን ማስታወሻ የሚይዝበትን እስክሪብቶ ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰበረው። እኔም አዲስ እስክሪብቶ ሳስቀምጥለት በቀስታ አላስቀመጥኩም። የወንድማማቾቹን እርቅ አራት ጊዜ አስነግሬዋለሁ፤ በአራተኛው ጊዜ ውበቱ ሁሉ ረግፎ ፍሬ ነገሩ ብቻ ቀረ። ለካ አማካሪው የሚፈልጉት እሱን ነበር።

ሰኔ ዐሥራ ሁለት ቀን ዘጠና ስድስት ገጽ አስገባ። አማካሪው አንብበው መለሱለት። ከብዙ ቀይ መስመር መሐል ትልቁ አስተያየት "ማጠቃለያው አጥሯል" የሚል ነበር። አስተካክሎ እስኪያስገባ፣ መንገድ ተዘግቶ እስኪከፈት፣ ፈታኞቹ እስኪሰበሰቡ ጽሑፉን በቃል የሚከላከልበት ቀን ሐምሌ ዘጠኝ ላይ ዋለ። እጅግ በጣም ጥሩ ተባለለት። ዝርዝሩ ግን ሰኔ ሠላሳ ላይ ተዘግቷል፤ ስሜም ተሰርዟል። ዘጠኝ ቀን።

ወረቀቱን ይዞ ሲገባ ጎረቤቱ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስምንት ወር ሙሉ ካባከናቸው ቀኖች ዘጠኙን ብቻ ቢመልስልኝ ብዬ አለቀስኩ። የተቆጣሁት በእሱ ብቻ አልነበረም። ተራዬን ስሰጥ "ጎበዝ ሚስት" ብሎ ባጨበጨበልኝ ሁሉ ተቆጣሁ፤ በጭብጨባው ደስ ባለኝ በራሴም ተቆጣሁ።

ቃለ አብ መጥቶ "ይቅርታ" አለኝ። በማግስቱ ጧት ደግሞ አለ። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ "ብለኸዋል እኮ" አልኩት።

"እደግመዋለሁ" አለ።

እስከ ነሐሴ በየጧቱ ደገመው። ይቅርታው ዘጠኙን ቀን አልመለሰልኝም፤ ግን ከልቡ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ለእሱ መድገም ምን ያህል እንደሚከብደው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

መስከረም ላይ ምዝገባው እንደገና ተከፈተ። የዛሬ ሦስት ዓመት ያስገባሁትን ማመልከቻ ከፋይሌ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ቃለ አብ ከጀርባዬ ቆሞ አነበበው። "ቃላቱ ደርቀዋል፣ ላሳምርልሽ?" አለኝ።

"አንዲት ፊደል እንዳትነካ" አልኩት። ቀኑን ብቻ ቀይሬ ገለበጥኩትና ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ።

ማመልከቻ የሚቀበሉት አቶ ያርጋል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዚያ የድሮውን ፋይል ከመደርደሪያ አወረዱና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ።

"መምህርት፣ ይሄ እኮ ያው የድሮው ነው" አሉኝ። "ቀኑ ብቻ ነው የተለወጠው። ምን አዲስ ነገር አለው?"

"ምንም የለውም" አልኳቸው። "ያን ጊዜ ተራዬን በፈቃዴ ለሰው ሰጥቼ ነበር። አሁን አልሰጥም። ዘንድሮ ካልሆነም ይችኑ ይዤ ለከርሞ እመጣለሁ።"

ማኅተሙን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት።